ስለ ዘነበች የጻፍኳቸው ሦስት ገጾች

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ኦስሎ መሃል ግሮንላንድ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ ነበር። ጤፉም ሽሮውም የሕንዱም ቅመም አንድ ላይ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁና ተራዬን ስጠብቅ ከመደርደሪያው ግርጌ የሸክላ ድስቶች ተደርድረው አየሁ። አንዷን አነሳኋት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በጥፍሬ ቀጭ አደረግኋትና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሸክላ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለኝ ባለሱቁ። ሰውየው ክፋት የለበትም፣ ለወሬ ያህል ነው።

«ኧረ እኔ! ከየት አውቄ!» አልኩት።

ፊቴ ጋለ። ድስቷን ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ቶሎ ብዬ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ሠላሳ አምስትን አልፌያለሁ፤ ማስተር ይዣለሁ፣ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አወራለሁ። ሸክላ ታውቂያለሽ ወይ ስባል ግን የተሰደብኩ ያህል ደነገጥኩ። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ራሴን ስረግም ሄድኩ። ያን ጊዜ ነው ዘነበችን ያስታወስኳት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ነው፣ ረስቻት አላውቅም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ አራት መግቢያ መሆኑ ነው። የኦስሎ ዳር ሰፈር በሆነው ቫይትቬት ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከናቲ ጋር እኖራለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ አጠናለሁ። የማስተር ጽሑፌ «የዳሊት ሴቶች አሳሳል በሕንድ ልብ ወለድ» የሚል ነበር። ዳሊት ማለት ሕንድ አገር «የማይነኩ» ተብለው ሲገፉ የኖሩ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ቆዳ የሚያለፉ፣ ቆሻሻ የሚጠርጉ፣ ሬሳ የሚያነሱ፣ ከሌላው ሰው ጋር ከአንድ ጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ ተከልክለው የኖሩ። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «ሐበሻ አልቆ ነው ሕንድ ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔን የተመቸኝ የሕንድ ሩቅ መሆን ነበር።

ካነበብኳቸው ደራሲዎች ብዙዎቹ ከላይኛው ወገን የተወለዱ ሩህሩሆች ናቸው። ዳሊቷ ሴት መጽሐፋቸው ውስጥ ስትገባ ሁልጊዜ ቆንጆ ናት፣ ሁልጊዜም ዝምተኛ። ባለርስቱ ያያታል። ከዚያ የሚሆነው ይሆንና እሷ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ ታለቅሳለች፤ ክረምቱ ሳያልፍ ወይ ጉድጓድ ትገባለች ወይ ትሰቀላለች። አንባቢው እንባውን ይጠርግና ደግ ሰው መሆኑን አውቆ ይተኛል። ዳሊት ሴቶች ራሳቸው የጻፉትን ሳገኝ ግን ወይ ጉድ! ሌላ ዓለም። እዚያ ሴቶቹ ይሳደባሉ፣ በባለርስቱ ቦርጭ ይሳለቃሉ፣ በአንድ ቁራሽ ዓሣ ይጣላሉ፣ ከሥራ ሲመለሱ የእመቤቲቱን አነጋገር እያስመሰሉ በሳቅ ይፈርሳሉ። የጽሑፌም ሐሳብ ይኸው ነበር፦ የሚያዝንላት ደራሲ አፏን ይዘጋዋል፣ ሳቋንም ይነጥቃታል። ጎበዝ ነበርኩ። ሁሉንም በግርጌ ማስታወሻ አስደግፌ ጽፌዋለሁ።

ለኪሴ ማለዳ ማለዳ ባሕሩ ዳር ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር ቢሮ አጸዳ ነበር። ወደቡ ተነስቶ የመስታወት ሕንፃዎች በየወሩ ብቅ የሚሉበት ጊዜ ነው። የካቲት ላይ ከፊዮርዱ፣ ከባሕሩ ሰርጥ፣ የሚነሳው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ እንዳንንሸራተት በረዶው ላይ የሚበተነው ጠጠር ደግሞ ከሰው ጫማ ጋር እየገባ ያጸዳነውን ያቆሽሻል። አብራኝ የምትሠራው ዘነበች ነበረች፣ እኛ ዘኒ ነው የምንላት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከአገር ቤት ከመጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር። ሳቋ ከሷ ቀድሞ ፎቅ ይወጣል። ሠራተኞቹ መግባት ሲጀምሩ ባልዲያችንን አስቀምጠን ደረጃው ላይ ቁጭ እንላለን፤ እሷ እንደ ኖርዌጂያኖቹ ማትፓኬ ይዛ፣ ማለትም በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ፣ ውስጡ ግን ዳጣ በአይብ።

ከናቲ ጋር ያስተዋወቅኋት እኔ ነኝ። አንድ እሁድ ቤት ይዣት መጣሁ። ናቲ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ አይናገርም፣ እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ ይገባል። ያን ቀን ሳቋን ሰምቶ ወጣ፣ በቃ፣ አለቀ። እናቴም ወደደቻት። «ይቺ ልጅ ቤት ትሞላለች» እያለች ለጎረቤት ታወራ ጀመር። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀለበት ታሰረ፣ ሠርጉ ለሰኔ ተቆረጠ።

የምናጸዳው ሕንፃ መግቢያ ላይ ጋን የሚያክል የሸክላ ጌጥ ቆሞ ነበር፣ ከሥሩ የሠሪው ስም የተጻፈበት። እንዳንገፋው፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ እንድናነሳ ተነግሮናል። አንድ ጠዋት ዘኒ በጥፍሯ ቀጭ አደረገችውና ጆሮዋን ለጠፈችበት።

«ተሰንጥቋል» አለች።

«የቱ ጋ?» ዞሬ ባየው ባየው ምንም የለውም።

«በውስጥ ነው። ድምፁ ሞቷል፣ አትሰሚም? ቸኩለው ነው የተኮሱት። እናቴ ብታየው በርግጫ ነበር የምትለው።»

ከዚያ ነገረችኝ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት፣ አያቷም ነበረች። በአገራቸው ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፤ ቤታቸው ሰው አይበላም፣ ልጃቸውን ሰው አያገባም። «ውኃውን በእኛ እንስራ ይጠጡታል፣ ከእኛ እጅ ግን አይቀበሉም። ተመልከች እንግዲህ!» አለችና መሳቅ ጀመረች። «እማዬ ግን ምን ታደርግ መሰለሽ! እንስራውን በጠጠር ስታለሰልስ በውኃ አይደለም የምታርሰው። እንትፍ! በምራቋ። አንድም እንስራ አታሳልፍም። ‹ከእጃችን አንጠጣም ላሉት፣ ይኸው ከአፋችን ይጠጡ› ትላለች።»

እስኪያንቃት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ መወልወያውን ተደግፌ መቆም አቅቶኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የእናቷን አተፋፍ ደጋግማ አሳየችኝ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ሲበርድላት እጄን ያዘችኝ።

«ናቲ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ አባቴ ገበሬ ነው አልኩ፣ ገበሬም ነበር። ግን እነግረዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ፣ በራሴ አፍ፣ እንዲህ እየሳቅሁ። ሌላ ሰው ከነገረው ይታዘንልኛል ወይ እፈራለሁ። ሁለቱንም አልፈልግም። አደራ፣ ራሄልዬ።»

«አደራ በላ መሰልኩሽ እንዴ?» አልኳት።

በዚያው ሰሞን ጽሑፌን የምትከታተለው ኖርዌጂያን መምህሬ ረቂቁን አንብባ ጠራችኝ። ፊቷ አልፈታም። «ሁሉም ከመጽሐፍ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «አንቺ ግን የት አለሽ? ይህ ነገር አንቺን የነካሽ የቱ ጋ ነው?» ለሁለት ቀን ስለ ራሴ ሳስብ ዋልኩ። እኔን የነካኝ ምንም ነገር አልነበረም። ዘኒን የነካት ግን ነበር።

ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስሟን «ሀ» አልኩት፣ አገሯንም አላነሳሁም፤ የዩኒቨርሲቲው ደንብ የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። ሸክላውን አስገባሁ፣ ጥፍሯን አስገባሁ፣ የእንስራውን ነገር አስገባሁ። ምራቁን ተውኩት። ጽፌው ነበር እኮ፤ ሳነበው ግን አልጣመኝም። የተበደለች ሴት ልጅ ናት ብለሽ አንባቢውን ካሳዘንሽ በኋላ እናቷ ስትተፋ ብታሳዪው ግራ ይገባዋል ብዬ ሰረዝኩት። በሳቁም ቦታ «ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ፣ እንባ እየተናነቃት ነገረችኝ» ብዬ አስገባሁ። መምህሬ ከዳር አሰመረችበትና «የጽሑፉ ልብ ይህ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከሁዳዴ መግቢያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ግሮንላንድ ሐበሻ በሚሰበሰብበት አንድ አዳራሽ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች የምናጠናውን ለወላጆች በአማርኛ እንድናስረዳ ተጠራን። ዘኒ ያን ቀን ቤቷ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር፣ በማግስቱ የቅበላ ዶሮ ይዛልን ልትመጣ። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ግራና ቀኝ ላለው ሁሉ «የኔ ልጅ ናት» ትላለች። ከእኔ በፊት የተናገረው ልጅ ስለ ባሕር ውስጥ ቧንቧ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አውርቶ ሕዝቡን አስተኝቶታል። እኔም ስለ ሕንድ ልብ ወለዶች ስጀምር ማዛጋቱ ቀጠለ። አንድ ሽማግሌ ጭራሽ ስልካቸውን አወጡ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያዛጋብኝ አልወድም።

ወረቀቴን አስቀመጥኩት። «ሕንድ ድረስ ምን አስኬደን!» አልኩ። «እዚሁ ኦስሎ፣ ቢየርቪካ ቢሮ የምታጸዳ አንዲት ሴት አውቃለሁ።»

ማዛጋቱ ቆመ። ሸክላ ሠሪ እናቷን፣ ቡዳ መባላቸውን፣ ያልተቀበሏቸውን ውኃ፣ እንባዋን ሁሉ ተረክሁት። ስም አልጠራሁም። ኖርዌጂያን ዘንድ ስም ከቀየርሽ ሰውየው ተደበቀ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስም መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ የት ትሠራለች፣ ከማን ጋር ትውላለች ከተባለ ሴትየዋ ታወቀች ማለት ነው። ከእኔ ጋር ቢየርቪካ የምታጸዳ ሐበሻ ስንት እንዳለች እናቴ ታውቃለች። አንድ ናት።

እናቴ እዚያ መኖሯን ረስቼ ነው ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፣ ለናቲም ጭምር። አልረሳሁም። ፊቷን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ፈገግታዋ ቆመ፣ ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ «ይህ እንግዲህ የሰማሁት ነው» ብዬ ወደ ሕንድ መመለስ እችል ነበር። ግን ጸጥ ብለው ይሰሙኝ ነበር፣ ሽማግሌውም ስልካቸውን ኪሳቸው ከተዋል። ቀጠልኩ። ሲጨበጨብልኝ በደስታ ሁለቴ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

በማግስቱ ዘኒ መጣች። ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ከጣቢያው እስከ ቤታችን ያለውን በረዶ እየተጠነቀቀች። እናቴ በር ላይ ሳመቻት፣ እንደ ወትሮው። «ምነው ልጄ፣ ምን አደከመሽ» ብላ ድስቱን ተቀበለችና ወጥ ቤት አስገባችው። ማዕድ ሲቀርብ የወጣው የእናቴ ወጥ ብቻ ነበር። እኛ ቤት በአንድ ትሪ ነው የሚበላው፤ ያን ቀን ግን «ጉንፋን ጀማምሮኛል፣ እንዳላስይዛችሁ» ብላ ለየብቻ አቀረበች። ለእኔ፣ ለናቲና ለራሷ የዘወትሩን ሳህን። ለዘኒ የወረቀት ሳህንና የፕላስቲክ ኩባያ፣ ከሰው ልደት የተረፈ፣ ፊኛ የተሳለበት።

ዘኒ ሳህኑን አንዴ አየችው። «የማን ልደት ነው ዛሬ፣ እትዬ?» ብላ ሳቀች።

ማንም አልሳቀም።

«ሳህን የለም እንዴ?» አለ ናቲ፣ ምንም ሳይገባው።

«ለማጠብ ደክሞኝ ነው እንጂ ሳህን ምን ጠፍቶ» አለች እናቴ።

ዘኒ ቀና ብላ አየች። ያየችው እናቴን አልነበረም፣ እኔን ነው።

ለዳሊቷ ሴት በጓሮ ስለሚቀመጥላት የተለየ ኩባያ ሠላሳ ገጽ ጽፌ ነበር፤ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚመጣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያው ኩባያ ከፊቴ መጥቶ ሲቀመጥ አጎንብሼ እንጀራዬን በላሁ። ሳህኔን አንስቼ ከሳህኗ ጋር መለዋወጥ ምን ነበረበት? እጄ ግን አልተነሳም። ዘኒ ጥቂት ጎርሳ ተነሳች፣ ናቲ ሊሸኛት ወጣ። እናቴ ዶሮውን ከነእንቁላሉ የምግብ ትራፊ በሚጣልበት አረንጓዴ ፌስታል ገለበጠችውና ሁለቴ ቋጠረችው።

«እማዬ፣ ነውር አይደለም?» አልኳት። ይህን ብያለሁ፣ ዘኒ ከወጣች በኋላ።

«ምን ነውር አለው? አንቺ ነሽ የነገርሽኝ» አለችኝ ጉንጬን ዳበስ አድርጋ። «ተባረኪ። ልጄን አተረፍሽልኝ።»

ክፍሌ ገባሁ። ትንሽ አለቀስኩ መሰለኝ። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና ሁሉንም ጻፍኩት፤ ፎጣውን፣ ኩባያውን፣ ፊኛውን ሳይቀር። ይጠቅመኛል ብዬ።

ናቲ ሲሰማ በኖርዌጂያንኛ ጮኸ፣ ሲናደድ አማርኛው ይጠፋዋል። የሞኝ ነገር ነው፣ እኔ ግድ የለኝም አለ። እናቴ አልተከራከረችውም፣ አልጋ ላይ ወጣች እንጂ። ደም ግፊቴ ነው አለች፣ እህል አልቀመስም አለች፤ ሐበሻው እየመጣ ይጠይቃት ጀመር፣ የመጣው ሁሉ ናቲን አዘን ብሎ ያየዋል። ሁዳዴ ሳይጋመስ ናቲ ለዘኒ ሠርጉን ወደ ነሐሴ እናሸጋግረው አላት። ነሐሴ ሲደርስ ስለ ነሐሴ ያነሳ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ፊት ለፊት ይነግራት ነበር።

ያን ሁሉ ሳምንት ከዘኒ ጋር አንድ ፎቅ እናጸዳለን። «ባልዲውን አቀብዪኝ»፣ «ሦስተኛውን ፎቅ ጨርሻለሁ»፣ ሌላ ወሬ የለም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እየደወለ ነግሯታል፣ አዝነናል እያለ። ከፋሲካ በኋላ፣ በረዶው ሁሉ ቀልጦ የመንገዱ ጠጠር በሚጠረግበት ሳምንት፣ ጽሑፉን ስጪኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ሦስት ቀን በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች አነበበችው፤ ኖርዌጂያንኛዋ ገና የኮርስ ነበር። በአራተኛው ቀን ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። እርግማን ነበር የጠበቅሁት።

«ስለ ሕንዶቹ የጻፍሽው ጥሩ ነው» አለችኝ። «አዝነውላት አፏን ዘጉት ያልሽው። ገብቶኛል።» ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠች። «ይቺ ‹ሀ› የምትያት ግን ማናት?»

«ዘኒ...»

«አለቀስኩ እንዴ? መቼ ነው ያለቀስኩት?»

የባልዲውን እጀታ አስተካከልኩ።

«የእናቴስ ምራቅ? ቡዳውን አልተውሽ፣ ውኃውን አልተውሽ። እሱን ለምን ተውሽው? እኛ ያሸነፍነው በሱ ብቻ ነበር እኮ።»

ዳቦዋን ከወረቀቱ አውጥታ መልሳ ጠቀለለችው።

«ናቲን ካንቺ አልጠይቅም፣ የሄደው በራሱ እግር ነው። እናትሽንም አውቃቸዋለሁ፣ እሳቸውን የመሰለ ሞልቶ በተረፈበት አገር ነው ያደግሁት። አንድ ነገር ብቻ አርሚልኝ። ስቃ ነገረችኝ በይ። ሌላውን እንደፈለግሽ።»

«አስረክቤዋለሁ» አልኳት። «ጊዜው አልፏል።»

ለማስረከብ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር።

«እሺ» ብላ ተነሳች። ወሩ ሳያልቅ ሌላ ሕንፃ ጠይቃ ሄደች። በርገን ከተማ ናት የሚል አለ፣ ከዚያም በላይ ወደ ሰሜን ሄዳለች የሚል አለ። እኔ ፈልጌያት አላውቅም። ጽሑፌ ከፍተኛውን ውጤት አገኘ።

ይኸው ዛሬ የምበላው እንጀራ የዚያ ጽሑፍ ነው። ሥራ ያስቀጠረኝ እሱ ነው፤ በየዓመቱ በሴቶች ቀን የሚጋብዙኝም ስለ እሱ ነው። ናቲ ኖርዌጂያን አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል፣ እናቴ ከምራቷ ጋር በአንድ ትሪ ትበላለች፣ የወላጆቿንም ሙያ ጠይቃት አታውቅም። እኔ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት መስመር ማረም አቃተኝ። ኀፍረት ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። ኀፍረት አይደለም። «ስቃ ነገረችኝ» ብዬ ባነብ፣ ምራቁንም ብጨምር፣ ሰው ይስቃል፤ የሳቀ ሰው ደግሞ አያዝንም፣ ካላዘነም ለከርሞ አይጠራኝም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፣ ስለዚሁ ነው ማስተር የያዝኩት።

ባለፈው መጋቢትም አንድ ቤተ መጻሕፍት ጠርተውኝ አነበብኩ። «ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ትንሽ ጠበቅሁ፤ የት መጠበቅ እንዳለብኝ በልምድ አውቄዋለሁ። ፊት ረድፍ የተቀመጠች ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ሲያልቅ መጥታ አቀፈችኝና «ምስኪን፣ ምን ዓይነት ዝምታ ነው!» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት እኔም እቅፍ አድርጌ፣ «በጣም ዝምተኛ ነበረች።»